ሰናፍጭ፣ ሱፍና ሶያ ሶስ፦ የጃፓን ማጥቀሻ በአቃቂ ቃሊቲ ጓዳ



ጃፓን ምግብ ቤት በልቶ የመጣ ሰው ስለ ሥጋው እምብዛም አያወራም። የሚያወራው ሥጋው ስለሚጠቀስበት ሶስ ነው። ከቨርጂኒያ ለፋሲካ የመጣ የአክስት ልጅ ይሁን፣ ዱባይ ሆቴል ሠርታ የተመለሰች ጎረቤት፣ ወይም ቦሌ ልደት ተጋብዞ ያመሸ ጎረምሳ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ያርፋል፦ በትንሽ ሳህን የቀረበ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚል ማጥቀሻ፤ ከጎኑ ደግሞ ክሬም የመሰለ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሌላ ማጥቀሻ። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይከተላል፤ ይህን ነገር እቤት መሥራት አይቻልም?

ይቻላል። እንዲያውም ሁለቱ ሶሶች ውስጥ የሚገባው ሁሉ፣ ከአንዱ በቀር፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙ ሳይርቁ የሚገኝ የጉልት ዕቃ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው ሶሱን ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው “ምስጢሩን” ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ቅመም፣ ከሼፉ ኪስ የማይወጣ ዱቄት። እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ያለው የጨዋማ፣ የጣፋጭ፣ የኮምጣጣና የሚሰነፍጥ ነገር ሚዛን ነው፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ አዋዜ ስትበጠብጥ የኖረች የአቃቂ እናት ከማንም አታንስም።

ሶሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለሥራው ይጠቅማል። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከጥንታዊ የጃፓን ቤተ መንግሥት የወረደ አይደለም። በጋለ የብረት ምጣድ ላይ፣ በእንግዳው ፊት ሥጋ መጥበስ፣ ጃፓኖች ቴፓንያኪ የሚሉት፣ ኮቤ ከተማ ውስጥ ሚሶኖ በተባለ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1945 የተጀመረ ነው፤ ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት። ከአገሬው ሰው ይበልጥ የወደዱት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ይህንኑ ይዞ ኒውዮርክ የገባው ሂሮአኪ አኦኪ ነው፤ አሜሪካኖች “ሮኪ” ያሉት የትግል ስፖርተኛ። አኦኪ ሃርለም ውስጥ በመኪና እየዞረ አይስክሬም ይሸጥ ነበር፤ ገዢ ለመሳብም አይስክሬሙ ላይ ትንሽ የወረቀት ጃንጥላ ይሰካበታል። ባጠራቀማት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1964 ማንሃተን ውስጥ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ምግብ ቤት ከፈተና ቤኒሃና አለው። በዚያው ዓመት አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። ኢትዮጵያ በእግር ቶኪዮ ስትገባ፣ ጃፓን በምጣድ ኒውዮርክ ገባች ማለት ነው።

አኦኪ አሜሪካዊ የሚበላውንና የማይበላውን ለይቶ ያውቅ ነበር። ጥሬ ዓሣውንና የባሕር አረሙን ትቶ የበሬ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ሽሪምፕና ሽንኩርት በምጣዱ ላይ አቀረበ። የቤቱ መታወቂያ ሆነው የቀሩትም ሁለት ማጥቀሻዎች ናቸው፤ የዝንጅብሉና የሰናፍጩ። እንግዲህ ዛሬ በየአገሩ “የጃፓን ምግብ ቤት ሶስ” የሚባለው ለባዕድ አፍ ተብሎ በስደተኛ እጅ የተስተካከለ ነገር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቤቱ ሲሠራው እጁ ይፈታለታል። ኒውዮርክ ላይ አንዴ የተለወጠ ሶስ አቃቂ ሲደርስ ሌላ ለውጥ ቢጨመርበት ቅር የሚለው ጃፓናዊ አይኖርም።

አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የባዕድ ምግብ ስታላምድ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ የጀመረው የቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ እዚሁ ነው ያለው፤ ፓስታና ማካሮኒም በበርበሬ ሱጎ እየተበላ የሐበሻ ቤት ምግብ ከሆነ ቆይቷል። የሮም ሰው ምን ይለን ይሆን ብሎ የሚጨነቅ የለም። ጃፓንም ብትሆን ለሰፈሩ ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ ድጋፍ አገር ውስጥ የገባው ካይዘን የተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ለፋብሪካ ሠራተኛ የዕለት ቃል ሆኗል። ወጥ ቤትን በካይዘን ማደራጀት የሚቻል ነገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት የጠፋ ቢላዋ ፍለጋ የሚያልቀውን ጊዜ ያየ ያውቀዋል። ሶሱን ግን ካይዘን አላመጣውም።

አሁን “ከአንዱ በቀር” ወደተባለው እንምጣ።

ሶያ ሶስ ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴ፣ ከጨውና ከውኃ ይሠራል። አኩሪ አተሩ ይቀቀላል፤ ስንዴው ተቆልቶ ይከካል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ጃፓኖች ኮጂ የሚሉት ሻጋታ፣ በሳይንስ ስሙ አስፐርጊለስ ኦራይዜ፣ ይዘራባቸዋል። ሦስት ቀን ያህል በሞቀና በረጠበ ክፍል ከቆየ በኋላ በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ ለወራት ይብላላል፤ የተለመደው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሻጋታው ኢንዛይሞች የአኩሪ አተሩን ፕሮቲን ሲበጣጥሱ ይከርማሉ። ከሚወጣው አንዱ ግሉታሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ ይህንን ንጥረ ነገር ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረም ለይቶ አወጣውና ጣዕሙን ኡማሚ አለው፤ በዓመቱም አጂኖሞቶ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ሥጋ ያልገባበት ምግብ “ሥጋ ሥጋ ይላል” ሲባል ብዙውን ጊዜ ምላስ የቀመሰችው እሱን ነው። ጨው ብቻውን ይህን አይሰጥም። ለዚህ ነው ሶያ ሶስን በጨው ውኃና በተቃጠለ ስኳር ለመተካት የሚሞከረው ሁሉ ቀለሙን አግኝቶ ጣዕሙን የሚያጣው።

ስለዚህ ይህ አንድ ዕቃ ይገዛል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጠርሙስ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጨረሻው ላይ በዚሁ በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ሆኖም ለሰፈሩ ሰው ዋጋው የሚቀንስለት ነገር የለም። ገዢው ማየት ያለበት ከዋጋው በፊት ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሶያ ሶስ አለ። አንደኛው በወራት የተብላላው ነው። ሁለተኛው የአኩሪ አተር ፕሮቲን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተቀቅሎ፣ አሲዱ በሶዳ ተገድሎ፣ ቀለምና ጣፋጭ ተጨምሮበት በጥቂት ቀን የሚደርሰው ነው። በዚህ በሁለተኛው አሠራር ጥንቃቄ ሲጓደል ሦስት ኤምሲፒዲ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ሊፈጠር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ባደረገው ምርመራ አንዳንድ ከውጭ የገቡ ሶያ ሶሶች ከሚገባው በላይ ይዘውት ስለተገኙ ከመደርደሪያ እንዲወርዱ ተደርጓል። የንጥረ ነገሩ ዝርዝር አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጨው፣ ውኃ ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ጥሩ ነው። “ሃይድሮላይዝድ” የሚል ቃልና የካራሜል ቀለም ከተደረደሩበት ግን ሌላኛው ነው። ለምሳሌ ኪኮማን፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ኖዳ በተባለች ከተማ የሶያ ሶስ ጠማቂ ቤተሰቦች ተዋሕደው ያቋቋሙት ድርጅት፣ ከ1973 ጀምሮ አሜሪካም ዊስኮንሲን ውስጥ በዚያው በማብላላት መንገድ ያመርታል። ከዚያ አገር በስጦታ የመጣ ጠርሙስ ጃፓን አልተሠራም ተብሎ መናቅ የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ የጓዳ ጀብደኛ መነሣቱ አይቀርም። አኩሪ አተር መተከልም ጅማም ይበቅላል፤ ታዲያ ሶያ ሶሱን ራሱን ለምን አንሠራም?

አይሞከር። ምክንያቱ ሻጋታው ነው። ኮጂ ለዘመናት ተመርጦ የተራባ ዝርያ ነው፤ በንጹህ ዘር ካልተዘራ በቀር በተቀቀለ አኩሪ አተር ላይ በራሱ የሚበቅለው ሻጋታ ማን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። የኮጂ የቅርብ ዘመድ የሆነው አስፐርጊለስ ፍላቩስ አፍላቶክሲን ያመርታል፤ ጉበት የሚያጠፋ፣ ካንሰር የሚያመጣ፣ በመቀቀልም በቀላሉ የማይጠፋ መርዝ። ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ላይ በተደረገ ጥናት ይኸው መርዝ ተገኝቶ ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ በዋናነት የተጠቀሰው መንገድም ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። የኢትዮጵያ ጓዳ የራሱ የተብላላ ማጥቀሻ አለው፤ ስልጆ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለጥቂት ቀን ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱ ራሱ ክፉውን ተሕዋስ ይከላከላል። ስልጆ ግሩም ነገር ነው። ሶያ ሶስን ግን አይተካም፤ መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ጠርሙሱ ከተገኘ የዝንጅብሉ ሶስ የአንድ ምሳ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም። ለአራት ሰው ሁለት የቡና ሲኒ ሶያ ሶስ፣ አንድ ሲኒ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ አቼቶ ይበቃል። የምግብ መጽሐፍ እዚህ ላይ “ሁሉንም ፈጭተህ አቅርብ” ብሎ ይዘጋል። ሥራው የሚበላሸው ግን እያንዳንዱ ዕቃ በሚያዝበት አያያዝ ነው።

ሽንኩርቱን እንውሰድ። አሜሪካ ያለው ምግብ ቤት የሚጠቀምበት ትልቁና ለዘብ ያለው ቢጫ ሽንኩርት ነው። እዚህ ጉልት ላይ ያለው ቀዩ ነው፤ ቦምቤይ ሬድ ወይም አዳማ ሬድ፣ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ዓይን የሚያስለቅስ። ለወጥ ተወዳዳሪ የለውም። በጥሬው ሶያ ሶስ ውስጥ ሲገባ ግን ሶሱን ይውጠዋል፣ ቀኑን ሙሉም አፍ ላይ ይውላል። መፍትሔው ከተከተፈ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየትና በእጅ ጨምቆ ማውጣት ነው። ቢላዋው ሲያልፍበት የሚፈጠረው የድኝ ውሁድ ውኃ ውስጥ ይቀራል፤ ጣፋጩ ይተርፋል። የተጨመቀው እፍኝ በእጅ ሲያዝ ልስልስ ብሎ፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ደብዝዞ ይታያል። ጨምቆ ማውጣቱን የዘለለ ሰው ሶሱ ይቀጥንበታል።

ዝንጅብሉ እርጥብ መሆን አለበት። ዱቄቱ ለሻይና ለበርበሬ ነው፤ እርጥቡን የሚያቃጥለው ጂንጀሮል ሲደርቅ ሾጋኦል ወደሚባል ይበልጥ የሚፋጅ ነገር ይለወጣል፣ ያ ትኩስ የሎሚ ዓይነት ሽታውም ይጠፋል። ዝንጅብል በአብዛኛው የሚመጣው ከወላይታና ከከምባታ ጠምባሮ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ማሳውን መትቶት ስንት ገበሬ ዝንጅብል መትከል ትቷል፤ ገበያ ላይ አንዳንዴ የሚታየው ጭራማና ያረጀ ሥር ሲሆን ዋጋ መከራከር ብቻ ሳይሆን መምረጥም ያስፈልጋል። ቆዳው በጥፍር ሲጫሩት የሚላጥ፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ይያዝ። ልጣጩን በማንኪያ ጠርዝ መፋቅ ከቢላዋ ይሻላል፤ ሽታው ያለው ከልጣጩ ሥር ነውና። ከዚያ በካሮት መፈቅፈቂያው በጠባቡ በኩል ይፈቀፈቃል። መፈቅፈቂያው ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው ፀጉር የመሰለ ጭረት ይጣላል፤ ውኃው ግን አንድም ጠብታ መቅረት የለበትም።

ሎሚውም ልዩነት አለው። በውጭ አገር መመሪያ “የግማሽ ሎሚ ጭማቂ” ሲባል ያ ትልቁ ቢጫ ነው። የሐበሻ ሎሚ ትንሽ ናት፤ ሽታዋ ግን ያየለ ነው። አንድ ሙሉ ተጨምቃ መጨረሻ ላይ ብትገባ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከገባች ብሌንደሩ ሽታዋን ያጠፋዋል። ብሌንደሩ አንድ ደቂቃ ቢዞር ይበቃል። መብራት ከሌለ ሙቀጫ አለ፤ እንዲያውም በዚህ ተናጋሪ አስተያየት በሙቀጫ የደቀቀው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ብሌንደር አየር እያስገባ አረፋ ያደርገዋል።

አሁን አይቀመስ። አንድ ሰዓት ይቀመጥ፤ ቢያድር ደግሞ እሰየው። ገና እንደተፈጨ የቀመሰ ሰው “ጨው በዛ” ብሎ ስኳር ይጨምርበታል፣ ከዚያ ጣፈጠ ብሎ አቼቶ ይጨምርበታል፣ በመጨረሻም ሌላ ሶስ ይሆንና ያርፋል። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ጊዜ ካገኙ ጨዋማነቱን ራሳቸው ያለዝቡታል። ከዚያም በኋላ ከከበደ የሚረዳው ውኃና ሎሚ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ይህን ማወቅ አለበት፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ 900 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመክረው ጠቅላላ ድምር ከ2000 ሚሊ ግራም በታች ነው። ይህ ማጥቀሻ ነው፤ እንደ ወጥ የሚፈስ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሰናፍጩ ሶስ ስንመጣ የሰፈሩ ጓዳ ከምግብ ቤቱ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም። በምግብ ቤቱ አሠራር የሰናፍጭ ዱቄት፣ ሰሊጥ፣ ሶያ ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ክሬም ይገባበታል። ከሶያ ሶሱ በቀር ከእነዚህ ውስጥ ለሐበሻ እንግዳ የሆነ የቱ ነው? ሰሊጥ ከሁመራና ከመተማ የሚመጣ፣ ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱን ስም በዓለም ገበያ የሚያስጠራ እህል ነው። ሰናፍጭን ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ያውቀዋል። ጃፓን ጥሬ ዓሣዋን በዋሳቢ ትበላለች፣ ሐበሻ ቁርጡን በሰናፍጭ፤ የሁለቱንም አፍንጫ የሚሰነጥቀው ኬሚካል አንድ ነው፣ አላይል አይሶታዮሳይኔት ይባላል። በየምግብ ቤቱ ዋሳቢ ተብሎ የሚቀርበው አረንጓዴ ሊጥ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ፈረስ ራዲሽ የሚባል ሥርና ሰናፍጭ በቀለም ተለውሶ ነው።

የሰናፍጭ ፍሬ ሳይነካ ቢቆረጠም ወዲያው አይሰነፍጥም። የሚሰነፍጠው ነገር ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ሲኒግሪን የሚባለው ንጥረ ነገርና ማይሮሲኔዝ የሚባለው ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ሲፈጭና ውኃ ሲነካው ይገናኛሉ፣ ያን ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይለወስና ተከድኖ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። በፈላ ውኃ የለወሰው ሰው ኢንዛይሙን ገድሎ መራራ ሊጥ ይዞ ይቀራል፤ “ሰናፍጩ አርጅቷል” እየተባለ ባለሱቁ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሎሚው ወይም አቼቶው መግባት ያለበት ከዚያ ጥበቃ በኋላ ነው። ኮምጣጣ ነገር ኢንዛይሙን ያስቆመዋል፤ የተነሣውን ግን ይዞ ያቆየዋል።

ክሬሙ ነው እንግዲህ የሚያከራክረው። የታሸገ ክሬም ውድ ነው፣ በጾምም አይሆንም። እዚህ ላይ ሱፍ ይገባል፤ ለዘይት የሚዘራው የፈረንጁ ሱፍ ሳይሆን እሾሃሙ፣ ለጾም ፍትፍት የሚሆነው የሐበሻው። እንዲያውም ይህ ሱፍ ከቤቱ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ቤኒሃና የዚሁ የሱፍ አበባ የጃፓንኛ ስም ነው፤ የአኦኪ አባት በጦርነት ፈራርሳ በነበረችው ቶኪዮ ሻይ ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ከፍርስራሹ መሐል ቀይ ሆኖ በቅሎ ባዩት አበባ ስም ሰየሙት ይባላል። ዛሬ በዚያ ስም በሚጠራው ምግብ ቤት ሶስ ውስጥ ግን ሱፍ የለም። አቃቂ ቢገባበት ቦታው ነው።

አሠራሩ እናቶች የሚያውቁት ነው፤ ሱፉ ተለቅሞ፣ ለስለስ ብሎ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በወንፊት ይጣራል። ለፍትፍት ከሚደረገው በግማሽ ያነሰ ውኃ ይበቃዋል፤ ወፍሮ እርጎ መስሎ እንዲወርድ። አንድ ሲኒ ሰሊጥ በብረት ምጣድ ይታመሳል፤ ፈንጠር ፈንጠር ማለት ሲጀምር መውረድ አለበት፣ ቡናማ ከሆነ ይመራል። ትኩስ እንዳለ ቢወቀጥ ዘይቱ ይወጣና ሊጥ ይሆናል። በዚያ ላይ የተቀመጠው ሰናፍጭ፣ አንድ ሲኒ የሱፍ ውኃ፣ ግማሽ ሲኒ ሶያ ሶስ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ቁንጥር ስኳር ይገባሉ። ከማንኪያ ሲንጠባጠብ እንደ ቀጭን አጥሚት ቢሆን ደርሷል። ሰናፍጩ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ይጀመር፤ መጨመር እንጂ መቀነስ አይቻልም።

ሦስተኛ ሶስ የሚጠይቁ አሉ፤ ቴሪያኪ፣ ያ የሚያብረቀርቀውና የሚጣበቀው። እሱ ሶያ ሶስ፣ ሳኬ፣ ስኳርና ሚሪን የሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ተፍለቅልቆ የሚሠራ ነው። ሚሪን 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው። ብዙ ሰው በምትኩ ጠጅ ቢሆንስ ይላል፤ የጌሾው ምሬት ሲፍለቀለቅ ስለሚጎላ አያምርም። ብርዝ ይሻላል። ሁለት እጅ ብርዝ፣ አንድ እጅ ሶያ ሶስ፣ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪለጠፍ በዝግታ ማፍላት ነው፤ ዶሮ ጥብስ ላይ መጨረሻ ይቀባል።

ሰላጣ ላይ የሚፈሰው ብርቱካናማው የካሮትና የዝንጅብል ሶስም አለ። ለአሠራሩ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ካሮት፣ ዝንጅብል፣ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ሶያ ሶስና ዘይት ተፈጭቶ ነው። ቃል የሚያስፈልገው ስለ ካሮቱና ስለ ሰላጣው ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር በመስኖ በሚለማው አትክልት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጥናት አድርገዋል፤ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የመጡ እንደ ክሮምየም ያሉ ከባድ ብረቶች በውኃውም በአፈሩም በቅጠሉም ተገኝተዋል። በአቼቶ ወይም በሎሚ ውኃ ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ተክሉ በሥሩ ስቦ ውስጡ ያስገባውን ብረት ግን ማንም ማጠቢያ አያወጣውም። በጥሬው ለሚበላ ነገር ከየት ማሳ እንደመጣ ነጋዴዋን መጠየቅ ነውር አይደለም። ካሮቱ ከሌላ ቦታ ከሆነ ይሠራ፤ ካልታወቀ የዝንጅብሉ ሶስ ብቻውን ይበቃል።

የጾም ነገር ሲነሣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ እንደገና ያስፈልጋል። ንጹህ ሶያ ሶስ የጾም ነው። ከጎኑ የሚደረደረው ኦይስተር ሶስ ከባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ የሚሠራ ነው፤ ዉስተርሺር የሚባለው አንቾቪ ዓሣ አለበት፤ ማዮኔዝ እንቁላል ነው። የኦይስተሩና የዉስተርሺሩ ቀለምና ጠርሙስ ከሶያ ሶሱ ጋር ስለሚመሳሰል በሁዳዴ ሳያውቅ የገደፈ ሰው ቢኖር አይገርምም።

በፍስክ ሁለቱም ሶሶች ከጥብስ ጋር ናቸው፤ ሥጋው ጨው ሳይነካው መጠበስ አለበት፣ ጨዉ ሶሱ ውስጥ አለና። በጾም ደግሞ ብዙ ሰው የሶያ ሥጋ ይዘፈዝፋል። ከዚያ ይልቅ እንጉዳይ ቢሆን ይመረጣል፤ ለዚህም ምክንያት አለ። ያማሳ በተባለው የሶያ ሶስ ድርጅት ይሠራ የነበረው አኪራ ኩኒናካ፣ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ጓኒሌት ከሶያ ሶሱ ግሉታሜት ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ከሁለቱ ድምር በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ደርሶበታል። እንጉዳዩ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በጥቂቱ በጥቂቱ ይጠበስ፤ አንድ ላይ ከተከመረ ውኃ ይተፋና ይቀቀላል። ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ከጎኑ ቢጠበሱ ሳህኑ ይሞላል። የዝንጅብሉ ሶስ በተከደነ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። የሱፉ ግን ከሁለት ቀን በኋላ መኮምጠር ስለሚጀምር ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይበጠበጥ፤ የተረፈ ሱፍ ካለ ለጠዋት ፍትፍት ይሆናል።